ስለ ቴትሪስ፤ ሰው የማያሸንፈውን ጨዋታ ስለ ምን ደጋግሞ ይጫወታል?

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ፣ በአንድ ከባድ ፈተና ዋዜማ፣ ከዶርም ጓደኞቻችን አንዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሃንድአውቱን ዘርግቶ ማጥናት ጀመረ። ሦስት ገጽ ያህል እንዳነበበ «ለአምስት ደቂቃ ልተንፍስ» አለና የእጅ ስልኩን አንሥቶ ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ ከፈተ። ቀና ብሎ ሰዓቱን ሲያይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሃንድአውቱም ከሦስተኛው ገጽ ላይ እንደ ተከፈተ ይጠብቀው ነበር። በማግሥቱ ፈተና ላይ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ውጤቱ በተለጠፈ ጊዜ ግን በክፍላችን ውስጥ ለብዙ ቀን የጌም ነገር አልተነሣም። የዚህን ጓደኛችንን ስም አንጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ተባብረን ካዘጋጀነው ከሦስታችን አንዱ እርሱ ነው፤ ታሪኩንም የምናወጣው በፈቃዱ ነው።

ነገሩን የሰሙ ሰዎች ሁሉ የሰጡት ፍርድ አንድ ነው። «ስንፍና ነው» አሉ። ይህ መልስ ግን እኛን አላረካንም። ሰነፍ የሚባለው ሰው ድካምን የሚሸሽ ነው። ያ ጓደኛችን ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ድረስ፣ ደመወዝም ሆነ ምስጋና ለማያስገኝ ሥራ ደከመ። በዚያች ሌሊት የታየው ትጋት ለሃንድአውቱ ውሎ ቢሆን ኖሮ ክፍሉን በአንደኛነት ባለፈ ነበር። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ «ልጁ ስለ ምን ሰነፈ?» የሚል ሳይሆን «ጨዋታው ይህን ሁሉ ትጋት ከአንድ ሰው እንዴት አወጣ?» የሚለው ነው። ጨዋታው ያወጣውን ትጋት ትምህርታችን ለምን እንዳላወጣው መጠየቁም አይቀርም።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን እንጂ የኮምፒዩተር መሐንዲሶች አይደለንም። ስለዚህ ስለ መኪናው ሥራ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ ጠባይ እንናገራለን። ከብዙዎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል ቴትሪስን የመረጥነው በጓደኛችን ምክንያት ብቻ አይደለም። በሌሎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ጦርነት፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ የሚያምር ሥዕል ወይም ረጅም ታሪክ ስላለ ተጫዋቹን የያዘው ነገር የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያዳግታል። በቴትሪስ ውስጥ ግን ታሪክ የለም፤ ጀግና የለም፤ ጠላትም የለም። የወጥን ጣዕም ከሥሩ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቅመም ያልበዛበትን መቅመስ እንዳለበት ሁሉ፣ የጨዋታንም ኀይል ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

1. የጨዋታው አመጣጥ

ቴትሪስን የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ነው። በ1984 ሞስኮ ውስጥ በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠራ ነበር። የተቀጠረበት ሥራ ኮምፒዩተር የሰውን ንግግር የሚለይበትን መንገድ መመርመርን የመሰለ እንጂ ጨዋታ መፍጠር አልነበረም። ይሁን እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ እንቆቅልሽ ይወድ ነበርና፣ ፔንቶሚኖ የተባለውን አሮጌ ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተር ለማምጣት አሰበ። ፔንቶሚኖ እያንዳንዳቸው ከአምስት ካሬዎች የተሠሩ 12 ቅርጾችን ክፍተት ሳይተዉ በአንድ ሣጥን ውስጥ የመደርደር ጨዋታ ነው። ፓጂትኖቭ አምስቱን ካሬ ወደ አራት ቢቀንሰው ቅርጾቹ ሰባት ብቻ ሆኑለት፤ ሰባት ቅርጽ ደግሞ ሰው በቀላሉ በአእምሮው ሊይዘው የሚችል ቁጥር ነው። ስሙንም በግሪክ ቋንቋ አራት ማለት ከሆነው «ቴትራ» ከሚለው ቃልና ከሚወደው ከቴኒስ ጨዋታ አጣምሮ አወጣው።

የሚሠራበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒዩተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል፣ ቅርጾቹን በጽሕፈት ምልክቶች፣ ይኸውም በቅንፎች እየደረደረ ነበር የሠራቸው። መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ችግር ገጠመው። ቅርጾቹ ከላይ እየወረዱ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መደቡን ሞሉትና ጨዋታው ቶሎ አለቀ። በዚህ ጊዜ ዓይነተኛው ሐሳብ መጣለት፤ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ረድፍ ከዚያ በኋላ ምንም ጥቅም የለውምና ይጥፋ፣ ለሚመጣውም ቦታ ይልቀቅ አለ። ያቺ አንዲት ውሳኔ ለጥቂት ሰኮንድ የሚሆነውን ጨዋታ ማለቂያ የሌለው አደረገችው። ፈጣሪው ራሱ ሥራውን ሳይጨርስ መጫወቱን ማቆም አቅቶት እንደ ነበር ኋላ ተናግሯል።

በዚያን ጊዜ 16 ዓመት የሆነው ቫዲም ጌራሲሞቭ የተባለ ተማሪ ጨዋታውን ወደ አይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር አዛወረው፤ ዲሚትሪ ፓቭሎቭስኪ የተባለ ባልደረባቸውም ረዳቸው። ከዚያ በኋላ እኛ ዛሬ ፊልም በፍላሽ እንደምንቀባበለው ሁሉ፣ ቴትሪስ በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ያለ ዋጋ በሞስኮ ተሠራጨ። በ1989 ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ቦይ የተሰኘውን በኪስ የሚያዝ መጫወቻ ባወጣ ጊዜ በአሜሪካ ቴትሪስን ከመጫወቻው ጋር አብሮ ሸጠው። የጌም ቦዩ ቴትሪስ ብቻውን 35 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። በ1993 ደግሞ አሌክሳንድር ሴሬብሮቭ የተባለ ሩሲያዊ ጠፈርተኛ ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ ይዞት ሄዷል። ጨዋታው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ በመሆኑ ግን ፓጂትኖቭ ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ለብዙ ዓመታት ምንም አላገኘም። የድካሙን ዋጋ መቀበል የጀመረው በ1996 ከሄንክ ሮጀርስ ጋር ሆኖ የቴትሪስን ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ ነው።

2. የማያልቅ ግድግዳ

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጸው። መደቡ በጐን 10፣ በቁመት 20 ካሬ ነው። ከሰባቱ ቅርጾች አንዱ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ አንዱ ካሬ ነው፤ አንዱ መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ነው። ሁለቱ እንደ ከዘራ የታጠፉ ሆነው አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያያል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እንደ ደረጃ የተሰበሩ ናቸው፤ እነርሱም ግራና ቀኝ ናቸው። ቅርጾቹ አንድ በአንድ ከላይ ይወርዳሉ። ተጫዋቹ እያዞረና ወደ ጐን እየገፋ ቦታ ያስይዛቸዋል። የሞላው ረድፍ ይጠፋል፤ ያልሞላው ይቀራል። ረድፍ በጠፋ ቁጥር የአወራረዱ ፍጥነት እያደር ይጨምራል። ክምሩ ከጣሪያው ሲደርስ ጨዋታው ያልቃል።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ የሚያልቀው በመሸነፍ ብቻ ነው። «አሸነፍህ» የሚል ቃል በመደበኛው ጨዋታ ውስጥ የለም። ገበጣም ሆነ ሰንጠረዥ ፍጻሜ አለው፤ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል። ከፊት ለፊት የተቀመጠውም ሰው ሲሰለቸው ወይም ሲመሽበት ይነሣል። ቴትሪስ ግን ከቶ አይሰለቸውም፤ አይመሽበትም።

የሒሳብ ሊቃውንትም ይህን ጉዳይ መርምረውታል። ሃይዲ በርጊል የተባሉ የሒሳብ ምሁር በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሁለቱ እንደ ደረጃ የተሰበሩት ቅርጾች እየተፈራረቁ ብቻ ቢመጡ ማንኛውም ተጫዋች፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ 70,000 ቅርጽ ሳይሞላ እንደሚሸነፍ አረጋግጠዋል። ቅርጾቹ በዕድል የሚመጡ ከሆነና ጨዋታው ያለ ማቋረጥ ከቀጠለ፣ ያ ክፉ ተራ አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም። በ2002 ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሦስት ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳዩ። የሚመጡት ቅርጾች ሁሉ ተራቸው አስቀድሞ ቢታወቅ እንኳ፣ ከሁሉ የተሻለውን አደራደር ማግኘት ለኮምፒዩተር ሳይቀር እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ጥያቄዎች ወገን ነው።

በ2023 ዲሴምበር ወር አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ በ1989 የወጣውን የኔንቴንዶ ቴትሪስ ተጫውቶ 157ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ተሰናክሎ ቆመ። ጋዜጦችም ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ቴትሪስን አሸነፈ ብለው ጻፉ። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው ልጁ ግድግዳውን አልጨረሰውም፤ መኪናው ነው አላስችል ብሎት የቆመው። ከ34 ዓመት በኋላ የተገኘው ድል ይህ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ስለ ምን ይጫወታል?

3. ተጫዋቹን የሚይዙት ነገሮች

በዚህ ጉዳይ ካነበብነውና በራሳችን ላይ ካየነው አራት ምክንያቶችን ለይተናል።

ሀ) መልሱ ወዲያው ይመጣል። ቴትሪስ በየጥቂት ሰኮንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ይህን የት ታኖረዋለህ?» ይላል። ተጫዋቹ ይመልሳል፤ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው በዓይኑ ያያል። አራሚ አይጠብቅም፤ አማላጅ አይፈልግም። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ተራራ የሚወጡ ሰዎችን፣ የቼዝ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችንና ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ሐኪሞችን ጠይቀው ነበር። ሁሉም በሥራቸው ተውጠው ጊዜው ሲሄድ የማይታወቃቸው ግቡ ግልጽ ሲሆን፣ መልሱም ፈጥኖ ሲመጣላቸው መሆኑን ተረድተዋል። ጓደኛችን ስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ የመሰለው እንግዲህ የሐኪሙና የተራራ ወጪው ነገር ደርሶበት ነው።

ለ) ጨዋታው ከተጫዋቹ አቅም ጋር አብሮ ያድጋል። ለጀማሪው ቀስ ይላል፤ ለለመደው ይፈጥናል። በጣም ቢቀል ይሰለች ነበር፤ በጣም ቢከብድ ይተው ነበር። ተጫዋቹ ሁልጊዜ ከችሎታው ጠርዝ ላይ ቆሞ ይገኛል። ችሎታውም በእውነት ይጨምራል። ዴቪድ ኪርሽና ፖል ማግሊዮ በ1994 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ተጫዋቾች ቅርጹ ሲዞር ምን እንደሚመስል በሐሳባቸው ከማሰላሰል ይልቅ በቶሎ በጣታቸው አዙረው ማየትን ይመርጣሉ፤ ይህም ፈጣን ነውና። እጅ ለአእምሮ ያስብለታል ማለት ነው። ትላንት ያቃተው ዛሬ ሲቻል ማየት ደግሞ ለማንም ሰው ትልቅ ደስታ ነው።

ሐ) ተስፋውና ዕድሉ አይለያዩም። በቀድሞዎቹ የኔንቴንዶ እትሞች በመጀመሪያው ደረጃ አንድ ረድፍ ያጠፋ ሰው 40 ነጥብ ያገኛል። አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ያጠፋ ግን 1200 ያገኛል። አራቱን አንድ በአንድ ቢያጠፋቸው 160 ብቻ ነበር። አራቱን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋው ቀጥ ያለው ዘንግ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ በአንድ ጐን ጠባብ ጉድጓድ ትቶ ዘንጉን ይጠባበቃል። ዘንጉ አሁን ይመጣ ይሆናል፤ ወይም ክምሩ ጣሪያ እስኪነካ አይመጣም። ፈርስተርና ስኪነር የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እህል በስንተኛው ጊዜ እንደሚሰጣት የማታውቅ እርግብ ቁልፉን ሳታቋርጥ አጥብቃ እንደምትመታ ገልጸዋል። ዘንግ የሚጠብቅ ተማሪም ከዚያች እርግብ ብዙ አይርቅም።

መ) ስሕተቱ ይቀራል፤ የተጀመረውም ይጐትታል። በቴትሪስ ውስጥ በደንብ የተሠራው ረድፍ ይጠፋል። በስሕተት የተተወው ክፍተት ግን ፊት ለፊት ተገትሮ ይታያል። ተጫዋቹም የሚያየው ዘወትር ገና ያልተስተካከለውን ነው። ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 ባሳተሙት ምርምር፣ ሥራ ጀምሮ እንዲያቋርጥ የተደረገ ሰው ማንም ሳያዝዘው ተመልሶ ሊጨርሰው እንደሚሻ አሳይተዋል። ቴትሪስ ደግሞ ሁልጊዜ የተቋረጠ ሥራ ነው። አንዱን ክፍተት ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል። ተሸንፈው ሲወጡ እንኳ የመጨረሻዋ ስሕተት ከዓይን ስለማትጠፋ «ያቺን ባላደርጋት ኖሮ» የሚል ቁጭት ይነሣል፤ ቁጭቱም «አንድ ጊዜ ብቻ» ያሰኛል።

ይህን በራሳችን ላይ ለመፈተን ሦስታችን ለአንድ ሳምንት እየተጫወትን፣ ጨዋታውን ባቆምን ቁጥር ስለ ምን እንዳቆምን በወረቀት ላይ ጻፍን። ወረቀቶቹን ኋላ ስናነባቸው የተገኘው የስልኩ ባትሪ ማለቅ፣ የካፌው ሰዓት መድረስ፣ የጓደኛ መጥራት፣ የዓይን መድከም ነበር። «በቃኝ፤ ጠገብሁ» የሚል ቃል ከሦስታችን ወረቀት በአንዱም ላይ አልተገኘም። ምግብ ያጠግባል፤ እንቅልፍም ይጠገባል። ይህ ነገር ግን ጥጋብ የለውም።

4. ጨዋታው ከተዘጋ በኋላ

ከጨዋታው በኋላ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ቅርጾች ሲወርዱ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ከእኛም መካከል የላይብረሪው መጻሕፍት በመደርደሪያው ላይ ሲያዩ ክፍተቱን የሚሞላ ቅርጽ የፈለጉ አልጠፉም። ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቻቸው በ2000 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህንኑ ይመለከታል። ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱ ቅርጾች እንደሚታዩአቸው ተናገሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፣ በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ማስታወስ የተሳናቸው ሦስት ሕሙማን ጨዋታውን መጫወታቸውን ሳያስታውሱ ቅርጾቹን ማየታቸው ነው። ባለቤቱ የረሳውን ነገር አእምሮው ይዞት አድሯል ማለት ነው።

ይህ ኀይል ለበጎም ይውላል። ኤሚሊ ሆልምስና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባወጡት ጥናት፣ አሰቃቂ ፊልም ካዩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች፣ ካልተጫወቱት ይልቅ ያ አሰቃቂ ነገር ሳይፈልጉት ዓይናቸው ላይ የሚመላለስባቸው ባነሰ ቁጥር ነበር። ጨዋታው የዓይነ ልቡናን ቦታ ስለሚይዝ ክፉው ሥዕል የሚቀመጥበት ስፍራ ያጣል ተብሎ ይገመታል። ክፉውን ሥዕል የሚያስወጣ ጨዋታ፣ በፈተና ዋዜማ የተነበበ ሦስት ገጽ ቢያስወጣስ ምን ይደንቃል? ይህ የኛ ግምት ነው እንጂ የምሁራኑ ቃል አይደለም።

5. ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም

አንዳንድ ሰዎች ጌም ሁሉ ይቅር ይላሉ፤ አንዳንዶችም ምንም ጉዳት የለውም ይላሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ቴትሪስ የማይጠገብ ቢሆንም በመጀመሪያው መልኩ ከተጫዋቹ ኪስ ምንም አይጠይቅም። ዛሬ በስልክ ከምንጫወታቸው መካከል ግን ያንኑ የማይጠገብ ጠባይ አውቀው ለሽያጭ ያዋሉት አሉ። በ2012 በስልክ የወጣው ካንዲ ክራሽ ለተጫዋቹ አምስት ነፍስ ይሰጣል። አንዷ ነፍስ ስትጠፋ ለመመለስ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ የማይታገሥ ሰው በገንዘብ ይገዛል። የተቋረጠ ሥራ የሚጐትተውን ሰው በገዛ ጉጉቱ ማስከፈል ይሉሃል ይህ ነው። በሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ ይሸጣል፤ የቤልጂግ የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2018 እንዲህ ያለው ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ወስኗል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከጨዋታ የሚመጣን ሕመም አግብቷል። ነገር ግን አንድ ሌሊት የተጫወተ ሁሉ ታመመ አይልም። መለኪያው ሰውየው ጨዋታውን መቈጣጠር ማቃቱ፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ማስቀደሙ፣ ጉዳቱን እያየ መቀጠሉ ነው፤ ይህም በአብዛኛው 12 ወር ያህል የቆየ መሆን አለበት። ስለዚህ የጓደኛችን ነገር በሽታ አይደለም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ግን የደረሰበት ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መሳለቂያ ልናደርገው አይገባም፤ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ልንረዳው ይገባናል።

6. ለተማሪ የሚሆን ትምህርት

አሁን ወደ ጀመርንበት ጥያቄ እንመለስ። በዚያች ሌሊት ሃንድአውቱና ቴትሪስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። አንደኛው በየጥቂት ሰኮንዱ ይመልሳል፤ ሌላው ዝም ይላል። ሃንድአውቱን የሚያነብ ተማሪ ገባኝ ይላል እንጂ እንደ ገባው የሚነግረው የለም። መልሱን የሚያገኘው ከፈተና በኋላ ነው። ያም ቢሆን አንድ ፊደል ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለአንድ ትምህርት 14 ገጽ ድርሰት ጽፎ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ወረቀቱ ሲመለስለት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጥር፣ ከቁጥሩም ሥር መስመር ነበረበት፤ ሌላ አንዲት ቃል አልተጻፈበትም። ተሳስቶ እንደ ሆነ የት እንደ ተሳሳተ እስከ ዛሬ አያውቅም። መምህራኑ የተማሪው ብዛት እንደሚያስጨንቃቸው እናውቃለን። ነገር ግን መልስ የሌለው ትምህርት መልስ ከሚሰጥ ጨዋታ ጋር ሲወዳደር ማን እንደሚረታ ጓደኛችን አይቶታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለማድረግ ተስማምተናል፤ ለአንባብያንም እናካፍላለን።

አንደኛ፣ ጨዋታው በራሱ ማቆሚያ እንደሌለው ካወቅን ማቆሚያውን ከውጭ ማድረግ አለብን። «ሲበቃኝ እተዋለሁ» ማለት ከንቱ ነው፤ አይበቃምና። ደወሉን ከመክፈታችን በፊት እንሞላለን፤ ስልኩም ደወሉን ለማጥፋት ከአልጋ በሚያስነሣ ቦታ ይሁን ብለን፣ የአንዳችንን ደወል ሌላው በራሱ ስልክ ላይ ሞልቶ ከመስኮቱ ላይ ያኖረዋል። በፈተና ዋዜማ ግን ጨርሶ አይከፈትም።

ሁለተኛ፣ ጥናቱን እንደ ጨዋታው በጥያቄ መቁረጥ ይቻላል። አንድ ክፍል አንብቦ፣ ሃንድአውቱን ዘግቶ፣ የተነበበውን በባዶ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከፍቶ ማመሳከር ነው። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ያነበቡትን ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ ያነበቡትን ለማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት ከአንድ ሳምንት በኋላ አብልጠው አስታውሰዋል። እኛም ስንሞክረው ያየነው ነገር አለ። በወረቀቱ ላይ የቀረው ክፍተት ልክ እንደ ቴትሪሱ ክፍተት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሳይሞሉት ለመተኛትም ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ መልስ የሚሰጠን መምህር ብቻ መሆን የለበትም። ዘወትር ሐሙስ ማታ ወረቀት ተለዋውጠን እርስ በርሳችን እንተራረማለን። ያልገባን ከሆነ «እዚህ ላይ አልገባኝም» ብለን እንጽፋለን። ከዚህም ጋር መምህሮቻችንን በትሕትና የምንለምነው፣ በመላሹ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጋር አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲጨምሩልን ነው። አንዲት ዐረፍተ ነገር ተማሪን ለስንት ሌሊት እንደምታተጋ ቢያውቁ አይነፍጉንም ብለን እናምናለን።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው ሰው ቴትሪስን ደጋግሞ የሚጫወተው ለማሸነፍ አይደለም። የሚመልስለት ነገር ስላገኘ ነው። ሰው ሁሉ የድካሙን ውጤት ማየት ይሻል፤ ስሕተቱንም ማረም ይሻል። ጨዋታው ያልነበረ ፍላጎት አልፈጠረም፤ ተርቦ ያገኘውን ፍላጎት ነው የመገበው። በፈተና ዋዜማ የሚጫወት ተማሪን ሰነፍ ከማለት በፊት ምን እንደ ራበው መጠየቅ ይሻላል።

ሆኖም ትምህርትን ፈጽሞ ጨዋታ እናድርገው አንልም። ዘግይቶ የሚመጣ መልስም አለ፤ አንድን መጽሐፍ በ20 ዓመታችን አንብበን በ40 ዓመታችን የሚገባን ይሆናል። ይህን ለመጠበቅ የሚያስችል ትዕግሥት ከቴትሪስ አይገኝም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ትልቅ ነው። በቴትሪስ በደንብ የተሠራው ረድፍ ይጠፋል፤ ስድስት ሰዓት የደከመ ሰውም ጨዋታው ሲዘጋ በእጁ የሚቀር ነገር የለም። በትምህርት ግን የሞላው ረድፍ አይጠፋም፤ በላዩ ሌላ ይሠራበታል።

ጓደኛችን ያንኑ ትምህርት ዘንድሮ እንደገና እየወሰደ ነው። ቴትሪሱን አልተወም፤ እኛም ተው አላልነውም። ከራት በኋላ ደወሉ እስኪደወል ይጫወታል። ሲደወልም እያጉረመረመ ይነሣና ከመስኮቱ ላይ ያጠፋዋል። ሃንድአውቱ ትላንት ማታ ከ41ኛው ገጽ ላይ ነበር።